የመርዝ ስምና የመርዝ ምልክት፤ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ትርጉም ላይ የቀረበ የቃላት ማስታወሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደሴ ከተማ አንድ ወጣት ተርጓሚ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሰውን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ እንድመለከትለት አምጥቶልኝ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ የጠራ፣ አማርኛውም የማይጎረብጥ ነው። ነገር ግን ምዕራፉን አንብቤ ስጨርስ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ መገመት ቀርቶ ሟቹ በምን እንደ ሞተ እንኳ ለማወቅ አልቻልሁም። በእንግሊዝኛው አምስት ልዩ ልዩ ቃላት የነበሩበትን ቦታ አማርኛው ‹‹መርዝ›› በሚለው አንድ ቃል ሸፍኖታል። በሟቹ ላይ የታየው ምልክት ሁሉ ደግሞ ‹‹በጣም ታመመ፤ ተሠቃይቶም ሞተ›› በሚል ተጠቃሎ አልፏል። ጉድለቱን ባመለክተው ‹‹ዶክተር፣ መርዝ ያው መርዝ ነው፤ ሌላ ምን ልበለው?›› ሲል ጠየቀኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የደረሰ መልስ ነው።

በቅድሚያ መርዝ በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው መገንዘብ ያስፈልጋል። ጩቤና ጥይት ቁስል ይተዋሉ፤ መርዝ ግን በሽታ መስሎ ይገድላል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአርሴኒክ የሞተን ሰው በተቅማጥና በትውከት ከሞተ ሰው ለይቶ በችሎት ፊት ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1814 ማቲዩ ኦርፊላ ስለ መርዞች የጻፈውን ሰፊ መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። በ1836 እንግሊዛዊው ኬሚስት ጄምስ ማርሽ ጥቂት አርሴኒክ እንኳ በመስተዋት ላይ ጥቁር አብረቅራቂ ሽፋን ሆኖ የሚታይበትን ዘዴ ገለጠ። በ1840 በፈረንሳይ አገር ባሏን በአርሴኒክ ገድላለች ተብላ በተከሰሰችው በማሪ ላፋርዥ ችሎት ኦርፊላ በዚሁ ዘዴ ተመርኩዞ መሰከረ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1850 በቤልጂግ በተፈጸመ አንድ ግድያ ምክንያት፣ ዣን ስታስ ኒኮቲንን ከሟች አካል ለይቶ የሚያወጣበትን ዘዴ አገኘ። ከዚህ በኋላ መርዝ ዱካ የሚተው ነገር ሆነ ማለት ነው። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድም ያደገው በዚህ ዱካ ላይ ነው።

ዱካውን ለአንባቢ በማቅረብ ረገድ አጋታ ክሪስቲን የሚተካከል ደራሲ ማግኘት ያዳግታል። ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተወለደችበት በቶርኪ ከተማ በሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ በአስታማሚነት፣ በኋላም በመድኃኒት ክፍል ሠርታለች። ስለዚህ መርዝን የምታውቀው በወሬ ሳይሆን በሚዛንና በመለኪያ ነው። በድርሰቶቿ ውስጥ የመርዙ ስም ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በመጨረሻ ነው። አንባቢው እስከዚያ ድረስ የሚሰጠው ሽታው፣ ጣዕሙ፣ መልኩ፣ የሚወስደው ጊዜና በሰውነት ላይ የሚያሳየው ምልክት ነው። እንቆቅልሹ የተሠራው ከነዚህ ነው። እንግዲህ ተርጓሚው ምልክቱን ካደበዘዘው የጠፋው ጌጥ ሳይሆን ማስረጃው ይሆናል።

ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የሽታ ነው። በሲያናይድ የሞተ ሰው በተገኘበት ክፍል መርማሪው ‹‹የመራራ ለውዝ ሽታ›› እንደ ሸተተው መናገሩ በእነዚህ መጻሕፍት የተለመደ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ‹‹ለውዝ›› የሚባለው የአሮን በትር ያፈራው ፍሬ ነውና ትርጉሙ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በዛሬው የገበያ አማርኛ ለውዝ ማለት ኦቾሎኒ ነው። የደሴ ወይም የኮምቦልቻ አንባቢ ‹‹የለውዝ ሽታ›› የሚለውን ሲያነብ በአፍንጫው የሚመጣለት በመንገድ ዳር የሚቆላው ኦቾሎኒ እንጂ የሞት ምልክት አይደለም። ታዲያ ምን ይሻላል? ሳይንሱን ስንመረምር መውጫው ይገኛል። በመራራው ለውዝ ውስጥ ያለው አሚግዳሊን የተባለ ንጥረ ነገር በኮክ ዘር ውስጥም አለ። ሲፈጭና ሲርስ የሚሰጠው ሽታ ተመሳሳይ ነው፤ የሚወጣውም መርዝ ያው ሲያናይድ ነው። ስለዚህ ‹‹ተፈልጦ የተከፈተ የኮክ ዘር ሽታ›› ብንል ለሳይንሱም ለአንባቢውም ታማኝ እንሆናለን። ከዚህም ጋር ይህን ሽታ በተፈጥሮ ማሽተት የማይችሉ ሰዎች መኖራቸውን ተርጓሚው ማወቅ አለበት። በድርሰቱ ውስጥ አንዱ ሰው ሸተተኝ፣ ሌላው አልሸተተኝም ቢል የደራሲ ስሕተት መስሎት እንዳያርመው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የመልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በታተመው የክሪስቲ የመጀመሪያ ልብ ወለድ፣ የስታይልስን ቤት ምስጢር በሚተርከው መጽሐፍ፣ ሟቿ የምትወስደው የኃይል መስጫ መድኃኒት ጥቂት ስትሪክኒን አለበት። በየቀኑ በሚወሰደው መጠን አይጎዳም። ገዳዩ ግን ብሮማይድ ይጨምርበታል። በዚህ ጊዜ ስትሪክኒኑ ከፈሳሹ ተለይቶ ወደ ጠርሙሱ ታች ይወርዳል፤ የመጨረሻዋን ጉንጭ የጠጣ ሰው የብዙ ቀኑን ድርሻ ባንድ ጊዜ ይወስዳል። ይህን ‹‹መድኃኒቱ ተበላሸ›› ብሎ መተርጎም ታሪኩን መግደል ነው። የሳይንስ መምህራን ‹‹ዝቃጭ›› የሚሉት ቃል በኬሚስቱ አፍ ይስማማል። በአገልጋይቱ አፍ ግን ጠላ ጠምቆ የኖረ ሕዝብ ያለው ‹‹አተላ›› የተሻለ ነው። ጠላው ሲሰክን አተላው ወደ ታች እንደሚዘቅጥ የማያውቅ ባልትና የለም። አንድን ነገር በሁለት ቃላት መጥራት እዚህ ላይ መደነጋገር ሳይሆን ተናጋሪዎቹን መለየት ነው።

ሦስተኛው የድምፅ ነው፤ ለቋንቋ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በታተመው የክሪስቲ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ውስጥ የቅዱስ ጴጥሮስን የአውራ ጣት ምልክት በርእሱ ያነሣ ታሪክ አለ። ሊሞት ያጣጥር የነበረ ሰው የተናገረው ቃል አጠገቡ ለነበሩት ስለ ዓሣ የሚቃዥ መሰላቸው። እርሱ ግን የጠራው ‹‹ፒሎካርፒን›› የተባለውን መድኃኒት፣ በዘመኑ የአትሮፒን ማርከሻ ተብሎ ይታወቅ የነበረውን ነው። በእንግሊዝኛ የመድኃኒቱ ስም ‹‹የካርፕ ዓሣ ክምር›› ከሚለው ሐረግ ጋር በድምፅ ይመሳሰላል። በአማርኛ ይህ መመሳሰል የለም። በአፍ መፍቻ ንግግሩ ‹‹ፕ››ን ወደ ‹‹ብ›› የሚለውጥ፣ ፖሊስን ‹‹ቦሊስ›› የሚል ሰው ቃሉን ‹‹የቢሮ ካርቦን›› ብሎ ሊሰማው ይችላል ብለን ልንተካው እንችል ይሆናል። ነገር ግን ምስጢሩ የሚፈታው በዓሣው አማካይነት ነውና ዓሣውን ስናጣ የታሪኩ ርእስም አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ የእኔ አስተያየት ዓሣውን ጠብቆ፣ የድምፁን መመሳሰል በአንድ ገጸ ባሕርይ አንደበት ማስረዳት ይሻላል የሚል ነው።

ከምልክቱ ወደ ስሙ እንለፍ። በአማርኛ ‹‹መርዝ›› ሰፊ ቃል ነው። የሚዋጠውም፣ እባብ የሚተፋውም፣ ጋዙም በርሱ ይጠራል። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜኑ ጦር ግንባር በሠራዊቱና በባላገሩ ላይ የረጩትን ሕዝቡ ‹‹የመርዝ ጢስ›› ብሎታል። ‹‹ተመረዘ›› የሚለው ግስም እንዲሁ ሰፊ ነው። ቁስል ይመረዛል፤ ደም ይመረዛል፤ በተበላሸ ምግብ የታመመም ተመረዘ ይባላል። በልብ ወለዱ ውስጥ ‹‹ደሙ ተመርዞ ሞተ›› ብለን ብንጽፍ አንባቢው ነፍሰ ገዳይ ይፈልግ ወይስ ያልታጠበ ቁስል? ይህን የሚለይለት ቃል አልሰጠነውም።

በአንጻሩ ‹‹መድኃኒት›› የሚለው ቃል መርዙን ይሸፍነዋል። የአይጥ መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት እንላለን፤ ሦስቱም መርዞች ናቸው። ‹‹መድኃኒት አደረገችበት›› ሲባልም ፈወሰችው ማለት አይደለም። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የግእዙ ‹‹ሥራይ›› ፈውስንም፣ አስማትንም፣ መርዝንም ይይዛል፤ የግሪኩ ‹‹ፋርማኮን››ም እንዲሁ ነው። ምክንያቱ በነገሩ ውስጥ ነው። ከ16ኛው መቶ ዓመት ሐኪም ከፓራሴልሰስ ጀምሮ እንደሚታወቀው አንድን ነገር መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነውና። ኮሶ በልኩ ሲጠጣ ትሉን ያወርዳል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ዓይንን እንደሚጎዳ በሕክምና ተመዝግቧል። ስለዚህ ተርጓሚው ‹‹መድኃኒት›› የሚለውን ድርብ ትርጉም ሊጥለው አይገባም። ገጸ ባሕርይዋ ‹‹መድኃኒቱን እኔ ሰጠሁት›› ብትል ይህ ድርብነት ለደራሲው የማይገኝ ዕድል ነው። ግን ሐኪሙና መርማሪው ሲናገሩ ቃሉ መለየት አለበት።

ይህን ሁሉ ይዤ አንድ ሰኞ በደሴ ገበያ የባህል መድኃኒት የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ዘንድ ቀረብሁ። የመጣሁበትን ከነገርኋቸው በኋላ ስለ ዕፅዋቱ በተራ ጠየቅኋቸው። ስለ አስተናግር ‹‹እማማ፣ ይህ መርዝ ነው ይላሉ አንቱ?›› ብላቸው ሣቁብኝና ‹‹ልጄ፣ እሱ ያስለፈልፋል፤ አፍ ያደርቃል፤ ሰው ያስረሳል›› አሉኝ። ስለ ብርብራ ስጠይቃቸው ‹‹ዓሣ ያሰክራል››፤ ስለ ቁልቋል ወተት ‹‹ዓይን ያቃጥላል››፤ ስለ እንክርዳድ ‹‹ያዞራል›› አሉ። ‹‹መርዝ›› የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አልተጠቀሙበትም። ለእያንዳንዱ የየራሱን ግስ ሰጡት እንጂ።

የቋንቋ ባለሙያ ከዚህ የሚማረው ብዙ ነው። አሮጊቷ የተናገሩት ሁሉ በአድራጊና በአስደራጊ ግስ ነው፤ መርዙ የሚለየው በሚያደርገው ነገር ነው። አስተናግር የሚለው ስም ራሱ ከ‹‹ተናገረ›› የወጣ የአስደራጊ መልክ አለው። በዚህ ተክል ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። ከላይ በጠቀስነው የክሪስቲ ታሪክ ሰውየውን የገደለው አትሮፒን ነው። የዓይን ብሌን መስፋት፣ የአፍ መድረቅና መቃዠት ምልክቶቹ ናቸው። አሮጊቷ በሦስት ግሶች የተናገሩትና በመድኃኒት መጻሕፍት የተጻፈው እጅግም አይራራቅም።

ከእነዚህ ግሶች የባለቤት ስም ማውጣት ለአማርኛ ቀላል ነው። ከአደነዘዘ አደንዛዥ፣ ከአሰከረ አስካሪ፣ ከአቃጠለ አቃጣይ፣ ከአሽመደመደ አሽመድማጅ፣ ከአንዘፈዘፈ አንዘፍዛፊ፣ ከአስታወከ አስታዋኪ፣ ከአስለፈለፈ አስለፍላፊ ይወጣል። የመጨረሻው ተነባቢ ‹‹ዘ››፣ ‹‹ደ›› ወይም ‹‹ለ›› ሲሆን ወደ ‹‹ዥ››፣ ‹‹ጅ›› እና ‹‹ይ›› መለወጡ የታወቀ ሕግ ነው። ‹‹አደንዛዥ ዕፅ›› እና ‹‹አስካሪ መጠጥ›› በሕግም በጋዜጣም መለመዳቸው ይህ መንገድ እንደሚሠራ ያስረዳል። እንግዲህ ስትሪክኒን ሰውነትን አግትሮ እንደ ደጋን ወደ ኋላ የሚያጎብጥ ነውና ‹‹አንዘፍዛፊ መርዝ›› ብንለው አንባቢው ምልክቱን ከስሙ ጋር ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለመዝናኛ መጽሐፍ ይበዛበታል የሚል ይኖር ይሆናል። ለእርሱ አንድ እውነተኛ ታሪክ እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1977 ከቀጠር ወደ ለንደን ለሕክምና የተወሰደች አንዲት ሕፃን ሕመሟ ሐኪሞቹን ግራ አጋብቶ ነበር። በዚያን ጊዜ አንዲት አስታማሚ በ1961 የታተመውንና ርእሱ በአማርኛ ‹‹ሐመር ፈረስ›› የሚሆነውን የክሪስቲን ልብ ወለድ ታነብ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ገዳዩ የሚጠቀምበት ታሊየም የጠጉርን መርገፍ ያስከትላል። አስታማሚዋ ይህንና ሌሎቹን ምልክቶች ከሕፃኗ ጋር አስተያይታ ታሊየም እንዲመረመር ሐሳብ አቀረበች፤ ምርመራውም እርሷ እንዳለችው ሆነ፤ ሕፃኗ ዳነች። ያ መጽሐፍ ‹‹በጣም ታመመች›› ብቻ ይል ኖሮ ማንንም ባላዳነ ነበር።

በዚያው ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ በወሎ ክፍለ ሀገር በዋድላ ደላንታ አውራጃ ሰዎች እጅና እግራቸው እየደረቀና እየጠቆረ ይወድቅ ጀመር። ብዙዎችም ሞቱ። እዚህ ነፍሰ ገዳይ አልነበረም። ከእህሉ ጋር በተቀላቀለው ሲናር ዛላ ላይ የበቀለ፣ ኤርጎት የተባለ ጥቁር ቀንድ መሰል ሻጋታ ደም ሥሮችን አጥብቦ ያደረሰው ጉዳት ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ ድርቅን ተከትሎ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ወጣቶች፣ በጓያ ምክንያት እግራቸው ተሳስሮ ሽባ ሆኑ። የጓያው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በድርቅ ጊዜ ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ብቻውን ለወራት ሲበላ ይደርሳል፤ ከደረሰም በኋላ አይመለስም። መርዙ በውኃ የሚሟሟ ስለ ሆነ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ነገር ግን በአንዳንድ ገበሬዎች ዘንድ ሕመሙ የሚመጣው ከንፍሮው እንፋሎት ወይም ከገለባው ነው የሚል እምነት ነበር። ሰውየው እንፋሎቱን ሸሽቶ እህሉን ይበላል ማለት ነው።

ለዚህ ገበሬ ‹‹ጓያ መርዝ ነው›› ብሎ መንገር አልረዳውም፤ አያቱም አባቱም በልተውት ኖረዋልና። ‹‹መርዝ›› በሚለው ቃል ውስጥ ወዲያው የሚገድል ነገር ይሰማዋል። የሚያስፈልገው ቀስ በቀስ የሚጠራቀመውን ከፈጥኖ ገዳዩ የሚለይ ቃል ነው። የልብ ወለድ ተርጓሚውም የሚፈልገው ይህንኑ ቃል ነው፤ በአርሴኒክ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተሰጣት የምትከሳውን ባለጸጋ ሴት በሲያናይድ በደቂቃዎች ውስጥ ከሚወድቀው እንግዳ ለመለየት። የጤና አስተማሪውና የልብ ወለድ ተርጓሚው አንድ መዝገበ ቃላት ያሻቸዋል።

ከዚህ በመነሣት ለውይይት የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

መርዝ፦ ለጠቅላላው ስያሜ እንደ ተለመደው ይቆይ።

ሕምዝ፦ በንክሻ ወይም በንድፊያ ለሚገባው የእባብ፣ የጊንጥና የመሳሰሉት መርዝ። የግእዝ ቃል ነው፤ ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው፣ እባብ መሣሪያ በሆነበት የሸርሎክ ሆልምስ ታሪክ ውስጥ ቦታ ይኖረዋል።

ማርከሻ፦ የመርዝን ኃይል ለሚያጠፋ መድኃኒት። ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል ስለ ሆነ በአዲስ ስያሜ መተካት አያስፈልገውም።

ገዳይ መጠን፦ ለሞት ለሚያበቃው ልክ።

ፈጣን መመረዝና አዝጋሚ መመረዝ፦ ባንድ ጊዜ የሚደርሰውንና በጊዜ ብዛት የሚጠራቀመውን ለመለየት።

ማመርቀዝ፦ ለቁስል መበላሸት፤ ‹‹መመረዝ›› የሚለው ቃል ለመርዝ ብቻ እንዲተርፍ።

ሥነ መርዝ፦ ስለ መርዝ ለሚያጠናው የእውቀት ዘርፍ።

ወጣቱ ተርጓሚ ምዕራፉን እንደገና ሠርቶ ሲያመጣው ‹‹መርዝ›› የሚለው ቃል በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኝ ነበር። እኔም ገዳዩን ከዚያ ቀደም ብዬ ዐውቄዋለሁ። ከላይ የቀረቡት ቃላት የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። በየአካባቢያቸው የተሻለ ግስ ወይም ስም የሚያውቁ አንባቢያን፣ ቃሉን ከሚነገርበት ቦታና ከምሳሌ ዐረፍተ ነገር ጋር ጽፈው ቢልኩልን ለመዝገበ ቃላቱ ሥራ ትልቅ እርዳታ ይሆናል።